ታሪክ ከደጃፍ ይጀምራል

(ሕፃናትን ታሪክ ስለ ማስተማር የቀረበ ጽሑፍ)



«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እያሉ አባቶቻችን ያስተምሩናል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣውም ጉዳይ ሥሩን መፈለግ የሚጠይቅ ነው። ይኸውም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚማሩ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ታሪክን እንዴት ብናስተምራቸው ይገባቸዋል? የሚል ነው።

እዚህ ዘመሮም ሆነ በሌላው የመንዝ ምድር አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጠርተን «የአድዋ ጦርነት መቼ ተደረገ?» ብንለው ሳያመነታ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን «በዚያን ጊዜ የአያትህ አባት ተወልደው ነበርን?» ብለን ብናስከትል ዝም ይላል። «ከአድዋ ድልና ከላሊበላ ሕንፃዎች የትኛው ይቀድማል?» ብንለውም ብዙ ጊዜ ይገምታል እንጂ አያውቅም። ቁጥሩን ይዟል፤ ዘመኑን ግን አልያዘም። ለእርሱ አክሱምም፣ ላሊበላም፣ አድዋም «ድሮ» በሚባል አንድ ጎታ ውስጥ እንደ ተደባለቀ እህል ናቸው።

ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም። በታችኞቹ ክፍሎች ታሪክ ለብቻው የቆመ ትምህርት ሆኖ አይሰጥም፤ አካባቢ ሳይንስ በሚባለው ትምህርት ውስጥ ተካቶ ጥቂት ገጽ ይደርሰዋል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስምና ዓመተ ምሕረት ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ለፈተና ይሸመድዳል፤ ከፈተና በኋላ ይረሳል። መጽሐፍ በማይዳረስበትና ክፍሉ በተማሪ በተጨናነቀበት ትምህርት ቤት መምህሩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። በክረምትና በዕረፍት ቀን ሕፃናትን ሰብስበን የምናስጠና ወጣቶች ሥራውን ልናግዝ እንችላለን። ነገ ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚገቡትም ከእኛው መካከል ናቸው።

እንግዲህ ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ሕፃን ልጅ ታሪክን የሚረዳው በእጁ ከሚዳስሰው፣ በዓይኑ ከሚያየውና ሽማግሌ ጠይቆ ከሚሰማው ነገር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሩቁ ሲሄድ ነው። ታሪክ ከደጃፍ ይጀምራል፤ ከዚያ አገርን ይዞራል። ይህንኑ በአምስት ክፍል ከፍለን እንመለከተዋለን።

1ኛ/ የቀድሞ ልጆች ታሪክን እንዴት ያውቁ ነበር?

ትምህርት ቤት ሳይከፈት በፊት በመንዝ ታሪክ የሚማር ልጅ አልነበረም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። መንዝ የርስት አገር ነበረች። አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው በእናቱ ወይም በአባቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የተባሉት ሦስቱ የመንዝ ክፍሎች ስማቸውን ያገኙት ከቀደምት አባቶች መሆኑ በትውፊት ይነገራል። ስለዚህ ልጅ በምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ «እገሌ እገሌን ወለደ፤ እገሌም በዚህ አገር ሰፈረ» ሲባል ይሰማ ነበር። ነገ በሙግት አደባባይ ቆሞ የሚናገረው እርሱ ነውና ጆሮውን ጥሎ አይሰማም ነበር። በሽማግሌ ፊት አንድ ትውልድ ቢዘል መሬቱ ወደ ሌላ ሊሄድ ይችላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የርስት ሥርዓት ቀረ። ሥርዓቱ ሰውን ዕድሜ ልኩን በሙግት ያደከመ፣ የዘር ቆጠራ የሌለውንም ያራቀ ነበርና ተመልሶ ይምጣ የሚል ሰው ብዙ የለም። ነገር ግን ከርስት ጋር አንድ ትልቅ የትምህርት መንገድም አብሮ ሄደ። ትውልድ መቁጠር ለጋብቻ ሲባል ብቻ ቀረ፤ ሰባት ቤት ሲቆጠርም ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት ትልልቆቹ ናቸው እንጂ ልጆቹ አይደሉም።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የቀድሞው ልጅ የትውልዱን ታሪክ አጥንቶ የያዘው አእምሮው ከዛሬው ልጅ ስለ በለጠ አይደለም፤ ዕውቀቱ ሥራ ስለ ነበረው ነው። ሥራ የሌለው ዕውቀት እንደ ተቀመጠ ማረሻ ይዝጋል። ታሪክን ለሕፃናት ስናስተምርም ዕውቀቱን የሚያውሉበት ሥራ፣ የሚፈቱት ጥያቄ ልንሰጣቸው ይገባል። የመጀመሪያው ሥራም እዚያው ቤታቸው ነው። እያንዳንዱ ልጅ እናቱንና አባቱን፣ ከተቻለም አያቶቹን ጠይቆ እስከ አራት ትውልድ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ስም ይጻፍ፤ የት እንደ ተወለዱና ምን ሥራ ይሠሩ እንደ ነበር ይጨምር። ወላጆቹን በሞት ያጣ ወይም ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ካለ ግን እንዳይሸማቀቅ ያሳደጉትን ሰዎች ታሪክ እንዲጽፍ ማድረግ ይገባል።

2ኛ/ ጊዜን በገመድ መለካት

ሕፃን ልጅ «ከመቶ ዓመት በፊት» ሲባል አይታየውም። መቶ ብርን ያውቃል፤ መቶ ዓመትን ግን አልኖረውም። ስለዚህ ጊዜን ወደሚታይ ነገር መለወጥ ያስፈልጋል። ለዚህም ገመድ ይበቃል። የጓሳ ገመድ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

አንድ ስንዝር ለ10 ዓመት እንዲቆም እንስማማ። የገመዱ ጫፍ ዛሬ ነው። የ10 ዓመት ልጅ አንድ ስንዝር ለክቶ ክር ያስርበታል፤ «እዚህ ጋ ተወለድሁ» ይላል። አያቱ የ70 ዓመት ሴት ከሆኑ ሰባተኛው ስንዝር ላይ ሌላ ክር ይታሰራል። ጠላት ከአገራችን የወጣበትን 1933 ዓ.ም. ለማግኘት ከዚያ ከሁለት ስንዝር ያነሰ መጨመር ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ልጁ «እንዴ! አያቴ ሲወለዱ ጦርነቱ ካለፈ ብዙም አልቆየም ማለት ነው?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከአሥር መልስ ይበልጣል።

ወደ ኋላ እንቀጥል። አድዋ 13ኛው ስንዝር አካባቢ ነው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የነገሡበት 1805 ዓ.ም. 21ኛው ላይ ይውላል። የሸዋ መሳፍንት አባት የሚባሉት፣ ከመንዝ የተነሡት ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ስለ ነበሩ ከ32ኛው ስንዝር ግድም ይገኛሉ። የላሊበላ ዘመን 80 ስንዝር ያህል ይሆናል። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ምዕተ ዓመት ነበሩና ወደ 170 ስንዝር ይጠጋል። በዚህን ጊዜ ገመዱ ከክፍሉ በር ወጥቶ በግቢው ውስጥ ይዘረጋል። ልጆቹ ከአድዋ እስከ አክሱም በእግራቸው እየረገጡ ሲሄዱ «ድሮ» የሚባለው ነገር አንድ ቦታ አለመሆኑን ያለ ስብከት ይረዱታል።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላት። ለእርሷ 320 ሺህ ስንዝር ያስፈልጋል፤ አንድ ስንዝር 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 64 ኪሎ ሜትር ገመድ ማለት ነው። ይህን ማንም ሊዘረጋው አይችልም፤ ነገር ግን ልጁ አንድ ጊዜ ከሰማው አይረሳውም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ልጆች በስልክም ሆነ በሌላ መጽሐፍ አድዋ በ1896 ተደረገ የሚል ሲያገኙ ይደናገራሉ። በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት መኖሩን ቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። ያለዚያ ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱ የዋሸ ይመስላቸዋል።

3ኛ/ «እንዴት ታወቀ?» ሦስቱ ምስክሮች

ታሪክን ከተረት የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፤ «እንዴት ታወቀ?» የሚለው። ይህን ጥያቄ ሕፃን ልጅ ሊጠይቀው ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ ትምህርት ሊቅ ጀሮም ብሩነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ማንኛውም ዕውቀት ፍሬ ነገሩ ሳይዛባ ከልጅ ዕድሜ ጋር ተስማምቶ ሊቀርብ እንደሚችል አስረድቶ ነበር። ከእርሱም 300 ዓመት ቀድሞ የነበረው ኮሜንየስ ለሕፃናት በሥዕል የተሠራ የመማሪያ መጽሐፍ በ1658 ያሳተመ ሲሆን፣ ትምህርት በስሜት ሕዋስ ከሚታወቀው ነገር ይጀምር ይል ነበር። እነዚህ ሊቃውንት ያሉትን እኛ በአገራችን ነገር እንሞክረው።

ለልጆች ሦስት ምስክሮች አሉ ብለን እንንገራቸው፦ የሰው ቃል፣ ጽሑፍ፣ እንዲሁም ዕቃና ቦታ። አንድ ምስክር ብቻ ያለው ነገር ይቆይ፤ ሁለት ያለው ይጠናከር፤ ሦስቱም የተስማሙበት ይታመን። ልጆች በአገር ሽማግሌ ፊት ምስክር ሲቆጠር ስለሚያዩ ይህ ለእነርሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሦስት ምሳሌ እንስጥ።

ሀ/ ጓሳ። በመንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ምድር ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ልጁ ግን ጓሳን የሚያውቀው በቤቱ ጣሪያ፣ በገመዱና በዝናብ ጊዜ በሚደረበው ገሳ ነው። ስለዚህ መምህሩ አንድ አሮጌ ገሳ ይዞ ይግባና «ይህ ከምን ተሠራ? ሣሩ ከየት መጣ? ሁሉም ሰው በፈለገው ጊዜ ቢያጭደው ኖሮ እስከ ዛሬ ይቆይ ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ።

ከዚያም የቄሮን ሥርዓት ይንገራቸው። በትውፊት ከ300 ዓመት በላይ እንደ ኖረ በሚነገረው በዚህ ሥርዓት ምድሩ አስቦና ጌራ ተብሎ ለሁለት ወገን ተከፍሎ ነበር። እያንዳንዱ ወገን አለቃውን ይመርጣል፤ ጓሳው ለጥቂት ዓመታት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ተነግሮ ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰ ብርቱ ቅጣት ይቀጣል። ሥርዓቱ በርስት ላይ የቆመ ስለ ነበር ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ተወያይቶ በአዲስ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው «ጓሳ ሲዘጋና ሲከፈት እንዴት ነበር?» ብለው አያቶቻቸውን ይጠይቁ። የሰው ቃል ይመጣል፤ ቦታውም አለ፤ የተመራማሪዎች ጽሑፍም አለ። በዚህ ትምህርት ልጁ ሳያውቀው ሕግ፣ አስተዳደርና የተፈጥሮ ጥበቃ ምን እንደ ሆኑ ተማረ ማለት ነው። ታሪክ የነገሥታት ብቻ አለመሆኑንም ያያል፤ ሣር ያጨደው ገበሬም፣ የበግ ጠጉር ፈትላ ለባናና ለዝተት ያዘጋጀችው እናትም የታሪክ ሰዎች ናቸው።

ለ/ የደብረ ብርሃን ስም። ብዙ የመንዝ ልጅ ደብረ ብርሃንን ያውቃል፤ ለሕክምና ወይም ለገበያ የሄደም አለ። ስሙ ከምን መጣ? በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ንጉሡ በዚያ ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና ከተማ እንደ ሠሩ ዜና መዋዕሉ ይተርካል። አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ብርሃን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1456 ከታየው ሃሌይ ከተባለው ጅራታም ኮከብ ጋር ያዛምዱታል። ልጆቹን «ሁለቱ አባባሎች የሚስማሙት በምኑ ነው? የሚለያዩትስ በምኑ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ብርሃን መታየቱ አንድ ነገር፣ ብርሃኑ ምን ነበር የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ይለያሉ። ይህን መለየት የቻለ የአሥር ዓመት ልጅ ካደገ በኋላ ማንም በወሬ አያታልለውም።

ሐ/ ዘረት። ሦስተኛው ምሳሌ ከባድ ነው። በመንዝ ዘረት በተባለው ስፍራ አመፀኛ ዋሻ የሚባል አለ። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ መጀመሪያ የኢጣሊያ ጦር በአርበኛው መሪ በተሾመ ሽንቁጥ ሥር የነበሩ ሰዎችን በዚያ ከበበ። በዋሻው ውስጥ ተዋጊዎች ብቻ ሳይሆኑ ቁስለኞች፣ አረጋውያን፣ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩ። ጦሩ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ በተፈረመው ስምምነት የተከለከለውን፣ ኢጣሊያም ራሷ የፈረመችበትን የመርዝ ጋዝ ወደ ዋሻው ለቀቀ። እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ተረሸኑ። ጥቂቶች በሌሊት ሾልከው አመለጡ። የሞቱት በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ይህ እንዴት ታወቀ? የአካባቢው ሰው አልረሳውም፤ ለልጅ ልጁ ሲነግር ኖሯል። ከአገር ውጭ ግን ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኘም። በ1998 ዓ.ም. ግድም ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ በራሱ አገር የጦር ሠራዊት መዝገብ ቤት ውስጥ ድርጊቱን የሚገልጹ ወረቀቶች አግኝቶ ወደ ቦታው መጣ። ቀጥሎም የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪዎች፣ ኢትዮጵያዊም ያለባቸው፣ ዋሻውን መርምረው ያገኙትን በ2003 ዓ.ም. አሳተሙ፤ የሰው ዐፅም፣ የሸክላ ዕቃ ስባሪ፣ የጥይት ቀለሃ በውስጡ ነበር። እነሆ ሦስቱም ምስክሮች ተገናኙ፤ የሽማግሌው ቃል፣ የጠላት የራሱ ወረቀት፣ የዋሻው አፈር። ሽማግሌዎቹ ከ60 ዓመት በላይ የተናገሩት እውነት መሆኑ ታወቀ። ታሪክ ጠያቂ እንደሚያስፈልገው ለልጆች ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ሩቅ አገር ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም።

4ኛ/ ከባድ ታሪክን ለሕፃን ስለ መንገር

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለው ነገር ለሕፃናት መነገር የለበትም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቁጭት እንዲያድርባቸው ሁሉም ነገር እንዳለ ይነገራቸው ይላሉ። ሁለቱም አሳብ በከፊል ትክክል ቢሆንም ልጁን አልተመለከተም።

ልጆቻችን ጦርነትን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ አይደሉም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። የተኩስ ድምፅ ሰምቶ የሸሸ፣ ዘመድ የሞተበት ሕፃን በክፍል ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ የዋሻውን ሥቃይ በዝርዝር መተረክ ማስተማር ሳይሆን ቁስል መነካካት ነው።

ስለዚህ በዕድሜ መመጠን ይገባል። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል «ጠላት በመጣ ጊዜ ሰዎች በዚህ ዋሻ ተጠልለው ነበር፤ ብዙዎች ሞቱ፤ እኛም እናስታውሳቸዋለን» ማለት ይበቃል። ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ማን እንደ ነበር፣ መቼና ለምን እንደ ተደረገ ይነገራል። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ተጣሰው ስምምነት ማወያየት ይቻላል። በየትኛውም ዕድሜ ግን ውሸት አይነገርም፤ ያልተነገረው ቆይቶ ይነገራል እንጂ የተነገረው የሚፈርስ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ታሪክ የጥላቻ ስንቅ እንዳይሆን ነው። ዘረትን ያጠፋው ኢጣሊያዊ አዛዥ ነበር፤ የዘረትን ሰነድ ከመዝገብ ቤት ያወጣውም ኢጣሊያዊ ነው። ይህን ለልጆች በአንድነት እንንገራቸው። ወደ ራሳችንም እንመልከት። የሸዋ ነገሥታት ግዛታቸውን ሲያሰፉ እኛ በኩራት እንተርከዋለን፤ ግዛቱ የሰፋበት ጎረቤታችን የኦሮሞ ሕዝብ ግን የራሱ ትዝታ አለው። «ይህን ታሪክ ማዶ ያለው ልጅ እንዴት ሰምቶት ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን የአባቶቹን ክብር አልቀነሰም፤ የሰው ልብ ጨመረ እንጂ።

5ኛ/ ከደጃፍ ወደ አገር

ታሪክ ከደጃፍ ይጀምራል ስንል በደጃፍ ይቅር ማለታችን አይደለም። መንዝን ብቻ የሚያውቅ ልጅ አገሩን አያውቅም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የአካባቢ ትምህርት ወደ ሰፊው የሚወስድ ድልድይ ሊሠራ ይገባል፤ ድልድዩም «ለምን?» የሚለው ቃል ነው።

ለምሳሌ፦ በ1931 ዓ.ም. በዘረት ጦር ለምን መጣ? አርበኞች ስላልተገዙ። ለምን አልተገዙም? በ1928 ዓ.ም. አገራቸው ስለ ተወረረች፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ የተፈጸመውን ግፍ ስለ ሰሙ። ኢጣሊያ ለምን ወረረች? ከምክንያቶቹ አንዱ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የደረሰባትን ሽንፈት ለመበቀል ነው። ወደ አድዋስ ለምን መጣች? ይህ ጥያቄ ወደ ውጫሌ ውል፣ ከዚያም አውሮፓውያን አፍሪካን ወደ ተቃረጡበት ዘመን ይወስዳል። ልጁ ከመንዝ ዋሻ ተነሥቶ በአራት «ለምን» ዓለምን ዞረ። እያንዳንዱም እርምጃ በገመዱ ላይ ቋጠሮ አለው።

በሌላም በኩል፣ የነጋሲ ክርስቶስን ትውልድ የተማረ ልጅ ሰብስቴ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት እያለ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ወደ ተወለዱት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ይደርሳል። ይህ የስም ዝርዝር ብቻውን ቢሰጥ ደረቅ ነው። አራት ትውልድ የራሱን ቤተሰብ ከቆጠረ በኋላ ሲሰጠው ግን ነገሥታትም እንደ እርሱ አያት ቅድመ አያት ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ይታየዋል።

ለአስተማሪዎችና ለአስጠኚዎች የቀረበ አጭር ምክር

ሀ/ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አስተምሩ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ቦታ ወይም አንድ ሰው ይበቃል።

ለ/ ትምህርቱን በጥያቄ ጀምሩ፤ በጥያቄም ፈጽሙ። መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ልጁ ቤት ወስዶ የሚጠይቀው ይሁን።

ሐ/ ዓመተ ምሕረት ስትሰጡ ጥቂት ይሁን፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በገመዱ ላይ ይታሰር።

መ/ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ወደ ክፍል ጋብዙ። ልጆቹ ቀደም ብለው አምስት ጥያቄ ያዘጋጁ። እንግዳው ሲገቡ ይነሡ፤ ሲናገሩ አያቋርጡ፤ ሲጨርሱ ያመስግኑ። ይህም ራሱ ትምህርት ነው።

ሠ/ ቦታ ለማየት ስትወጡ ወላጆች ይወቁ። ዐፅምም ሆነ ማንኛውም የቆየ ዕቃ በተገኘበት ይቀመጥ፤ የሚያነሣ ልጅ አይኑር። ከቦታው የተነሣ ዕቃ ምስክርነቱን ያጣልና።

ረ/ ፈተና ስታወጡ «መቼ?» እና «ማን?» ብቻ አትበሉ። «የትኛው ይቀድማል? ለምን ሆነ? እንዴት ታወቀ?» የሚሉትን ጨምሩ።

መደምደሚያ

ወንድሞችና እኅቶች! ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። በ1931 ዓ.ም. አምስት ዓመት የሆነው ሕፃን ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዕድሜው ከ90 በላይ ነው። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት አልፈዋል ለማለት ይቻላል። አሁን ያሉት ከእነርሱ በጆሯቸው የሰሙ ናቸው፤ እነርሱም አርጅተዋል። የቄሮን ሥርዓት በጉልበታቸው ያስከበሩት፣ በርስት ሙግት ቆመው ትውልድ የቆጠሩት ሰዎችም በየዓመቱ ይቀንሳሉ። አንድ ሽማግሌ በተቀበሩ ቁጥር የማይታተም መጽሐፍ አብሮ ይቀበራል።

የዘረት ሽማግሌዎች የተናገሩትን የሚያጸና ወረቀት ከባሕር ማዶ ተገኘ። ስንት ነገር ግን ወረቀት የሌለው፣ ከእነርሱ አፍ በቀር ሌላ ምስክር የሌለው አለ? ስለዚህ እያንዳንዳችን በዚህ ወቅት አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አሮጊት እንምረጥ። ፈቃዳቸውን እንጠይቅ፤ ድምፃቸውን በስልካችን እንቅዳ፤ የተናገሩበትን ቀንና ቀበሌ እንጻፍ፤ ከዚያም በንጹሕ ደብተር እንገልብጠው። ታናናሾቻችንንም ይዘናቸው እንሂድ፤ ጥያቄውን እነርሱ ይጠይቁ። የሚሰሙት ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን የሚይዙት ይሆናል፤ እኛም የሚያስተምሩበትን መጽሐፍ በእጃችን ጽፈን እናቆያቸዋለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ልጆች በዓይናቸው ሊያዩት የሚችሉት የታሪክ ቦታ ወይም ዕቃ የትኛው ነው? ስንት ምስክርስ አለው?

2. የርስት ሥርዓት ከቀረ በኋላ ለትውልድ ቆጠራ ምን አዲስ ሥራ ልንሰጠው እንችላለን?

3. በጦርነት ምክንያት የተጎዳ ሕፃን በክፍላችሁ ቢኖር የዘረትን ታሪክ እንዴት አድርጋችሁ ታቀርባላችሁ?

4. ከደጃፋችሁ ከሚገኝ አንድ ነገር ተነሥታችሁ በአምስት «ለምን» የት ትደርሳላችሁ?